ከኋላ ሆኖ የሚመራው ሰው

ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል። ቦቢ ቲመንስ አንዲት አጭር ሐረግ ይጥልና እጁን ያነሳል። ትራምፔቱ፣ ሳክስፎኑ፣ ኮንትራባሱና ድራሙ በአንድነት ሁለት ኮርድ መልሰው ዝም ይላሉ። ፒያኖው ደግሞ ይጥላል፤ እነሱም ደግመው ያነሳሉ። ስምንት ባር እንዲህ ካለፈ በኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጠያቂዎቹ ነፊዎቹ ይሆናሉ፣ የሚመልሱት ደግሞ ፒያኖው፣ ኮንትራባሱና ድራሙ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ይፈታል። ኮንትራባሱ መራመድ ይጀምራል፣ ሲምባሉ ይፈስሳል፤ እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው ትንፋሹን የሚለቅቀው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ጊዜው ኖቬምበር 1958 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ቤልጅየም፣ ዜማው «ሞኒን»፣ ባንዱ ደግሞ «ጃዝ ሜሴንጀርስ» ነው። የባንዱን ባለቤት የሚፈልግ ሰው ከፊት የቆሙትን ሁለት ነፊዎች አልፎ ይመልከት። ከሁሉም ኋላ፣ በሲምባሎቹ መሃል፣ አፉን ከፍቶ በላብ ተጠምቆ የሚመታው የ39 ዓመቱ ሰው አርት ብሌኪ ነው።

«ሞኒን» መሠረቱ ቸርች ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ጸሎት ቤት ሰባኪው አንድ ቃል ይጥላል፣ ምእመናኑ «አሜን» ብለው ያነሳሉ። እኛ ዘንድ አቀንቃኙ ሲያወጣ ተቀባዮች እንደሚቀበሉት ማለት ነው። ዜማው ለጃዝ ባዕድ የሆነን ሰው ሳይቀር ወዲያው የሚይዘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ማንም ሳያስረዳው የት ቦታ ላይ መመለስ እንዳለበት ያውቃል። ከነፊዎቹ ጋር ሁለቷን ኮርድ የሚመታው ብሌኪም አንዱ ተቀባይ ነው። ባለቤት ሆኖ ሳለ በዜማው መግቢያ ላይ ያለው ድርሻ ከምእመኑ ጋር ሆኖ «አሜን» ማለት ብቻ ነው። ዲስኩን ለዓመታት ስሰማ የገረመኝ የእጁ ጉልበት ነበር። ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ግን ዓይኔ የሚሄደው ሰውየው ሌሎቹን ወደሚያዳምጥበት መንገድ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

በመድረኩ ላይ አምስት ሰዎች አሉ። ቴነር ሳክስፎን የሚነፋው ቤኒ ጎልሰን 29 ዓመቱ ነው። ፒያኖው ላይ ያለው ቲመንስ 22፣ ኮንትራባሱን የያዘው ጂሚ ሜሪት 32። ትራምፔተኛው ሊ ሞርጋን ገና 20 ዓመቱ ነው፤ ሲነፋ ግን ዕድሜውን የሚያስታውስ የለም። አራቱም የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው። የሰበሰባቸው ጎልሰን ነው። እሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ወደ ብሌኪ ባንድ የገባው ለጥቂት ቀን ሰው ለመተካት ነበር። በየምሽቱ ከዚያ ድራም ፊት ቆሞ ሲነፋ ግን እግሩ አልነቀል አለው። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ያህል ትንሽ ገንዘብ ማግኘቱም አንገበገበው። ለብሌኪ ነገረው፤ ብሌኪም እንዲያግዘው ጠየቀው። አዲስ ባንድ፣ አዲስ ዜማ፣ አዲስ ልብስ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ፤ ሁሉም የመጣው ከዚያች ንግግር በኋላ ነው።

«ሞኒን»ም ከሞላ ጎደል በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ቲመንስ በዜማና በዜማ መካከል እጁን ሲያፍታታ የሚመታት አንዲት ስምንት ባር ነበረችው። ለእሱ ከጨዋታ ያለፈ ነገር አልነበረችም። ጎልሰን ግን ያዘውና መሃሉን ጽፈህ ሙሉ ዜማ አድርገው አለው። ኦክቶበር 30፣ 1958 ኒው ጀርዚ ሃከንሳክ በሚገኘው በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ለብሉ ኖት የዲስክ ኩባንያ ቀረጹት። ቤልጅየም ላይ የምናያቸው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይተው ነው። ዜማው በእጃቸው ገና ትኩስ ነው። ዛሬ ግማሹ ዓለም የሚያፏጨውን ነገር እነሱ ገና እየለመዱት ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ድራም የሚጫወት አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህን ፊልም አብረን ለማየት ቤቱ የሄድኩ ዕለት አንድም ዜማ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰኝም። በየደቂቃው ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያስኬደዋል። የብሌኪን የእጅ ቅልጥፍና እንዳደንቅ ሲጠብቅ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን በጣቱ የሚያሳየኝ ሃይ-ሃቱን ነው። ሃይ-ሃት ማለት በአንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት የተገጠሙ፣ በግራ እግር ፔዳል የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ሲምባሎች ናቸው። ከአራቱ ምት በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ «ጭ» ብለው ይገጥማሉ። ብሌኪ ሌላ የፈለገውን ያድርግ፣ እጆቹ ከዳር እስከ ዳር ይበሩ፣ ያቺ «ጭ» አትዛነፍም። ብዙ ድራመሮች ለስለስ አድርገው የሚነኩትን ሃይ-ሃት እሱ በሙሉ እግሩ ይረግጠዋል። ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «ነፊው የፈለገበት ገደል ቢገባ ያቺን ድምፅ ይዞ ይወጣል።»

ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ አቆመው። ሶሎ ላይ ያለው ነፊ አንድ ዙር ጨርሶ ሌላውን ሊጀምር ነው። የብሌኪ ሁለቱ ስቲኮች ስኔር በሚባለው ከበሮ ላይ ይወርዳሉ፤ ወርደውም አይነሱም። ቆዳው ላይ ተጭነው ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፁ እንደ ትንሽ ጉርምርምታ ይነሳና ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ መድረኩን ይሞላዋል፤ በአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ በሲምባል ይፈነዳል። ፕሬስ ሮል ይሉታል። አሠራሩ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፤ ስቲኩን አንድ ጊዜ መትቶ ከማንሳት ይልቅ ቆዳው ላይ በመጫን ብዙ ጊዜ እንዲነጥር ማድረግ ነው። ድራም የተማረ ሁሉ ይሠራዋል። የብሌኪን ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚለየው ጃዝ ወዳጅ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ብሌኪ ሮሉን የሚጠቀምበት ሰውን ለመግፋት ነው።

ጎልሰን ይህን በራሱ ላይ የደረሰ ታሪክ አድርጎ ያወራ ነበር። ወደ ባንዱ እንደገባ ሰሞን አነፋፉ ለስላሳ፣ ክብ፣ ጨዋ ነበር። አንድ ምሽት ሶሎ ላይ እያለ ከኋላው ያ ጉርምርምታ ተነሳ፤ ቀድሞ ተነሳ፣ ረጅምም ሆነ፤ ሲፈነዳ የጎልሰን ድምፅ ከሥሩ ጠፋ። እያስመሰለ ቀጠለ። ብሌኪ ከሲምባሎቹ መሃል ሆኖ ከጉድጓድህ ውጣ የሚል ጩኸት ለቀቀበት። ጎልሰን ከዚያ ምሽት ወዲህ አነፋፉ እንደተለወጠ ይናገራል። በ1958ቱ ፊልም ላይ የምንሰማው ጎልሰን ከጉድጓዱ የወጣው ጎልሰን ነው፤ ነጠላ ኖታዎቹ ሰፋፊና ጥርስ ያላቸው ናቸው፣ ሮሉ ሲመጣ አይሸሽም፣ ይሳፈርበታል።

በዚያው ፊልም ላይ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ብሌኪ አንዳንዴ በአንድ እጁ ቶም የሚባለውን ከበሮ እየመታ በሌላው ክርን ወይም በስቲኩ ጫፍ ቆዳውን ይጫናል። ቆዳ ሲጫኑት ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። አንድ ከበሮ በአንድ እስትንፋስ ወፍራምና ቀጭን ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን ከምዕራብ አፍሪካ ተናጋሪ ከበሮዎች ጋር ያያይዘዋል። ብሌኪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መሄዱን ይናገር ነበር፤ ከበሮ ሊማር ሄደ ሲባል ግን ሃይማኖትና ፍልስፍና ለመማር ነው የሄድኩት እያለ ያስተካክል ነበር። እስልምናን ተቀብሎ አብዱላህ ኢብን ቡሃይና ተባለ፤ ወዳጆቹ እስከ ዕለተ ሞቱ «ቡ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1962 ከአፍሪካውያን ከበሮ መቺዎች ጋር ዲስክ ቀርጿል። አህጉሩን ይወድደዋል፤ ሰዎች በእሱ ፈንታ ተረት እንዲሠሩለት ግን አይወድም ነበር።

የተወለደው ኦክቶበር 11፣ 1919 በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ፒትስበርግ ነው። በልጅነቱ ፒያኖ ይመታ ነበር፤ ያውም ራሱን አስተምሮ። ወደ ድራም እንዴት እንደዞረ ሲጠየቅ የሚያወራው ታሪክ ነበረው፦ ፒያኖ የሚመታበት ክለብ ባለቤት፣ ሽጉጥ የማይለየው ሰው፣ ኤሮል ጋርነር የሚባል ልጅ ፒያኖ ሲመታ ሰማና ብሌኪን ተነስተህ ድራሙ ላይ ተቀመጥ አለው። ታሪኩ ባወራው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለዋወጥ ነበር፤ ከፒያኖ መነሳቱ ግን እውነት ነው።

ተረት ያልሆነው ደግሞ ይኸውና። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ውስጥ እያለ ወደ ደቡብ ስቴቶች ጉዞ ወጡ። ጆርጂያ ውስጥ አንድ ነጭ ፖሊስ ያለ ምንም ምክንያት ደበደበው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የብረት ሳህን እስኪገባለት ድረስ ተጎዳ። በዚህም ጉዳት ለውትድርና ብቁ አይደለም ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው በ1944 ወደ ቢሊ ኤክስታይን ባንድ የገባው፤ ዲዚ ጊሌስፒ፣ ቻርሊ ፓርከርና ሳራ ቮን ባለፉበት፣ ቢቦፕ የሚባለው አዲስ ጃዝ በትልቅ ባንድ ልብስ በተሰፋበት ቤት። በእነዚያ የአውሮፓ አዳራሾች ውስጥ በጭብጨባ የሚቀበሉትን ሰው ስናይ ይህንን ይዘን ብናይ ጥሩ ነው። በ1958 ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በገዛ ሀገሩ ደቡብ ከነጭ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በልቶ መውጣት አይችልም። ፓሪስ ውስጥ ግን የኦሎምፒያ አዳራሽ ይከፈትለታል፣ ክለብ ሳን ዠርሜን ሰው አልበቃው ብሎ ይሞላለታል፣ የፈረንሳይ ሲኒማ ዳይሬክተር የፊልሙን ሙዚቃ ሥራልኝ ይለዋል። ሜሴንጀርሶች በዚያው ዲሴምበር ለኤድዋር ሞሊናሮ ፊልም ሙዚቃ ቀረጹ።

ምስሉ ራሱ የተረፈውም ለዚህ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ጃዝን እንደ ኮንሰርት፣ በመብራትና በጥሩ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀርጸው በመዝገብ ቤት ካስቀመጡት መካከል የአውሮፓ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቀዳሚ ናቸው። ያ ክምችት ለአስርት ዓመታት ተዘግቶበት ኖሮ በ2006 «ጃዝ አይከንስ» በሚባል የዲቪዲ ተከታታይ መውጣት ጀመረ። የብሌኪ የቤልጅየም ኮንሰርት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ርዝመቱ አንድ ሰዓት አይሞላም።

በዚያ ኮንሰርት ላይ የምወድደው ቦታ አንድም ፍንዳታ የሌለበት ነው። ጎልሰን ለትራምፔተኛው ክሊፎርድ ብራውን መታሰቢያ የጻፈውን ዜማ ሊ ሞርጋን ይነፋል። ክሊፎርድ በጁን 1956 በፔንሲልቬንያ አውራ ጎዳና ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት 25 ዓመቱ ነበር። በፌብሩዋሪ 1954 በበርድላንድ ክለብ ከብሌኪ ጋር ቀጥታ ተቀርጿል፤ ያ ዲስክ ዛሬም ሃርድ ቦፕ የሚባለው የጃዝ ስልት መክፈቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሞርጋን ደግሞ በፊላደልፊያ ልጅነቱ ከክሊፎርድ ትምህርት ያገኘ ነው። እንግዲህ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ስለ ሟች መምህሩ ሲነፋ፣ የሟቹ የቀድሞ የባንድ መሪ ከኋላው ተቀምጦ ያጅበዋል። ያ ሁሉ ነጎድጓድ የሚችል ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቦታውን በሙሉ ለልጁ ይለቅለታል። ስለ ብሌኪ የሚጻፈው ሁልጊዜ ስለ ጩኸቱ ነው። እኔ ግን አንድ ድራመር መሪ መሆኑን ማየት ከፈለግሁ የማየው እዚህ ነው፤ መቼ መጥፋት እንዳለበት ያውቃል።

የድራም ስብስብ ራሱ ወጣት መሣሪያ ነው። በድሮዎቹ የኒው ኦርሊንስ ሰልፈኛ ባንዶች ውስጥ ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው፣ ትንሹን ሌላ ሰው ይመታ ነበር። ሥራውን በአንድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ካስረከቡት ነገሮች ዋነኛው ዊልያም ሉድቪግ በ1909 ፓተንት ያወጣበት የቤዝ ድራም ፔዳል ነው፤ ቀኝ እግር ትልቁን ከበሮ ሲረከብ ሁለቱ እጆች ነፃ ወጡ። ከዚያ ኬኒ ክላርክ የሚባል፣ እሱም የፒትስበርግ ልጅ፣ ምት የመጠበቁን ሥራ ከቤዝ ድራሙ አንስቶ ወደ ራይድ ሲምባሉ አዛወረው። ቤዝ ድራሙ ከዕለት ሥራው ሲያርፍ ያልታሰበ ቦታ ላይ እየገባ መናገር ቻለ። ብሌኪ ያንን ነፃነት ወስዶ ባንድ ለመምራት ተጠቀመበት። ነፊው የሚናገረው ለሕዝቡ ነው፤ ድራመሩ ግን የሚናገረው ለነፊው ነው፣ ሕዝቡም ይህን ንግግር ይሰማል። በድምፅ ብቻ ሲደመጥ ይህ ግማሹ ያመልጣል፤ በምስል ግን አንገቱ ወደ ነፊው ሲዞር፣ አፉ ሲከፈት፣ ሮሉ ሲነሳ፣ ነፊው ትከሻውን ሲያነሳ በተራ ይታያል።

በኢትዮጵያም ከመቺዎች መካከል የወጣ መሪ አለን። ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቦስተን በርክሊ ገብቶ ጃዝ ከተማረ በኋላ የኢትዮ-ጃዝን መንገድ የከፈተው ቫይብራፎንና ኮንጋ እየመታ ነው። የእሱን ኮንሰርት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መምቻዎቹን ይዞ ቆሞ ነፊዎቹን በዓይኑ ይጠብቃቸዋል።

ከ1958 ወደ 1989 እንለፍ።

ጀርመን ውስጥ ሌቨርኩዘን በምትባል ከተማ በየዓመቱ የጃዝ ፌስቲቫል ይደረጋል። በኦክቶበር 1989 ፌስቲቫሉ የብሌኪን 70ኛ ልደት አከበረ። ይህም ተቀርጿል፤ አሁን ምስሉ በቀለም ነው። በመድረኩ ላይ ያለው ባንድ እንደ ወትሮው የልጆች ባንድ ነው። ቴነር ሳክስፎኑን የሚነፋው ጃቮን ጃክሰን በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ፒያኖው ላይ ያለው ጄፍ ኪዘር 18 ዓመቱ ነው። ከእነሱ ጎን ደግሞ የድሮዎቹ ልጆች ተሰብስበዋል፦ ፍሬዲ ሀባርድ፣ ዌይን ሾርተር፣ ከርቲስ ፉለር፣ ጃኪ ማክሊን፣ ቴረንስ ብላንቻርድ፣ ዶናልድ ሃሪሰን፣ ሌሎችም። ቤኒ ጎልሰንም አለ፤ አሁን 60 ዓመቱ ነው። ሊ ሞርጋን የለም፤ በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ በሚሠራበት ክለብ በጥይት ተገድሏል፣ 33 ዓመቱ ነበር። «ሞኒን»ን የጻፈው ቲመንስም በ1974 በ38 ዓመቱ አልፏል። ዜማው ግን እዚያው ሌቨርኩዘን ይነሳል፤ የፒያኖዋን ሐረግ የሚጥሉት ሌሎች ጣቶች ናቸው።

እነዚህ ስሞች በአንድ መድረክ ላይ መሰብሰባቸው የብሌኪን ሌላውን ሥራ ያሳያል። ባንዱ ትምህርት ቤት ነበር። በ1954ቱ የበርድላንድ ቅጂ ላይ በማይክሮፎን ለተመልካቹ ሲናገር ከወጣቶች ጋር እንደሚቆይ፣ እነዚህ ሲያረጁ ሌሎች ወጣቶች እንደሚያመጣ ይሰማል። 35 ዓመት ሙሉ ይህንኑ አደረገ። ኪዝ ጃሬት በወጣትነቱ ጥቂት ወራት አልፎበታል፤ ዊንተን ማርሳሊስና ወንድሙ ብራንፎርድ አልፈውበታል፤ ኬኒ ጋሬት፣ መልግሩ ሚለር፣ ዉዲ ሾው። ዌይን ሾርተር ወደ ማይልስ ዴቪስ ባንድ ከመሄዱ በፊት አምስት ዓመት ያህል እዚያ ዜማ ሲጽፍ ቆየ። ብሌኪ ራሱ ዜማ ጸሐፊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ እሱ ይመታል፣ ሲመታውም ዜማው ምን እንደሆነ ይታወቃል። አንድ መሪ የባንዱን ዜማ ሌሎች እንዲጽፉ መተዉ ትልቅ ልብ ይጠይቃል፤ በሙዚቃ ዓለም ውስጥ ይህን ያህል የማይቀና ሰው ብዙ አላውቅም።

የሌቨርኩዘኑ ብሌኪ አርጅቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጆሮው በጣም ደክሞ ነበር። የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ አልወደደም፤ ምቱን ያዛባብኛል ይል ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ንዝረቱን በሰውነቱ እየተከተለ ነው ይባላል። ጃክሰን በበኩሉ ብሌኪ የመስማት ችግሩን ያጋንነው እንደነበር ተናግሯል። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለቱን ፊልሞች ተራ በተራ ያየ ሰው ሃይ-ሃቱን ያዳምጥ። ከ31 ዓመት በኋላም ያቺ «ጭ» በቦታዋ ናት። በ«ብሉዝ ማርች» የሰልፉ ሮል ሲነሳም ያው እጅ ነው፤ ይህም የጎልሰን ዜማ ነው፣ በ1958ቱ የብሉ ኖት ዲስክ ላይ ያለ፣ የሰልፈኛ ባንዶቹን እርምጃ ከብሉዝ ጋር ያጣመረ። ጎልሰን ሐሳቡን መጀመሪያ ሲያቀርብለት ብሌኪ ማርሽ በጃዝ ክለብ ውስጥ ማን ይሰማዋል ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ሲመታው ኖረ።

በዚያ ምሽት ከእንግዶቹ አንዱ ድራመር ነው፤ ሮይ ሄይንስ፣ 64 ዓመቱ። ሁለቱ ያለ ሌላ አጃቢ ድራም ለድራም ይነጋገራሉ። ሄይንስ ጥርት ያለ፣ ቆራጣ፣ ሰረዝና ነጥብ የበዛበት አመታት አለው። ብሌኪ በአንጻሩ ሙሉ አንቀጽ ይናገራል። ወዳጄ ይህን ክፍል ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቆም እስከ መጨረሻው አየው።

ብሌኪ ኦክቶበር 16፣ 1990 ኒው ዮርክ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ 71 ዓመት ከሞላው አምስት ቀን ሆኖት ነበር። የመታሰቢያ ሥርዓቱ የተደረገው ሃርለም በሚገኘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች ነው። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁር ምእመናን ዘር ተለይቶ የሚቀመጥበትን ቤተ ክርስቲያን ጥለው ወጥተው የራሳቸውን ሲመሠርቱ ስሙን ከሀገራችን የቀድሞ መጠሪያ ወሰዱት፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ በሚነገረው ታሪክ ከመሥራቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ። የእስልምና ስም የያዘው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የጆርጂያን ዱላ ብረት የተሸከመው ሰው የተሸኘው በዚያ ጣሪያ ሥር ነው። ዲዚ ጊሌስፒ ተናገረ፣ ድራመሩ ማክስ ሮች ተናገረ፣ ጃኪ ማክሊን ተናገረ። ልጆቹም ተጫወቱ፤ ጎልሰን፣ ዊንተን፣ ብላንቻርድ፣ ሃሪሰን፣ ጃክሰን፣ ኪዘር። ከተጫወቷቸው ዜማዎች አንዱ «ሞኒን» ነበር።

ጎልሰንን ብዙ የሀገራችን ሰው ሳያውቀው አይቶታል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2004 በሠራው «ዘ ተርሚናል» ፊልም ውስጥ ቶም ሃንክስ ኤርፖርት ውስጥ መውጫ አጥቶ ያን ሁሉ ወራት የሚታገሠው የአንድ ሳክስፎን ነፊ ፊርማ ለማግኘት ነው፤ ነፊው ቤኒ ጎልሰን ነው፣ ራሱን ሆኖ የተወነ። ሃንክስ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ አባት የሰበሰበው ፊርማ በ1958 ሃርለም ውስጥ በተነሳው ታዋቂ ፎቶግራፍ ላይ ካሉት ሙዚቀኞች ነው፤ ፎቶው ላይ ብሌኪም አለ። ጎልሰን በሴፕቴምበር 2024 በ95 ዓመቱ አረፈ፤ ሄይንስም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ99 ዓመቱ ተከተለው። ያንን ዘመን በቅርብ ሆነው የሚነግሩን ሰዎች እያለቁ ነው። ከእንግዲህ የሚነግሩን እነዚህ ፊልሞች ናቸው።

ይህ ደግሞ ወደ ቤታችን ይመልሰኛል። በሀገራችን ብዙ ጥሩ ኮንሰርት ይቀረጻል፤ ካሜራዎቹ ግን በአብዛኛው ዘፋኙ ፊት ላይ ተተክለው ያድራሉ። ድራመሩ የሚታየው መብራት ሲያልፍበት ነው፤ በካሴቶቻችን ልባስ ላይም ስሙ ቢጻፍ በትንሹ ፊደል ነበር። ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ዘፋኙን ሲያነሳ፣ ሲያረጋጋ፣ ከተሳሳተበት ሲመልሰው ያድራል፤ ይህን ሥራውን ያየ የለም። ድራም መማር የጀመረ አንድ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ልጅ የሀገሩ ሰው ጭፈራ ዜማ ላይ ግራ እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ቢፈልግ የሚያየው የለውም፤ የቤልጅየሙን ብሌኪ ግን በዝርዝር ያየዋል። የመድረክ ቀረጻ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ልመናዬ አንድ ነው። ከካሜራዎቻችሁ አንዷን፣ ትንሿን ብትሆን፣ ከድራሙ በስተግራ በጉልበት ቁመት አስቀምጧት። ሃይ-ሃቱ፣ ስኔሩና የድራመሩ ፊት በአንድ ፍሬም ውስጥ ይግቡ። ኮንሰርቱ እስኪያልቅም ከዚያ አታንሷት።